ሽማግሌው ሲበራ

ሀሴት ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ በሩ ፊት ቆም የማለት ልማድ ነበራት። በሩ አያስቆማትም፤ ገና ስትቀርበው ያውቃትና ወደ ጎን ይንሸራተታል። እሷ ግን ትቆማለች። ከኢዮሲያስ ጋር በኖረችባቸው ዓመታት በሩ እያወቃት ዝም የሚላት ጊዜ ብዙ ነበር፤ እግሯ ያንን አልረሳም።

በአዲስ ምንጃር ሰው ሁሉ ዋስ አለው። ልጅ በወላጁ፣ ተከራይ በአከራዩ፣ ባልና ሚስት ደግሞ ቤቱ በተመዘገበበት ሰው ስም ይኖራሉ። ዋሱ ቃሉን በሰጠ ቀን በር ይከፈታል፣ የቧንቧ ውኃ ይወርዳል፣ ሊፍት ይቆማል፣ ታክሲ ያሳፍራል። ቃሉን ካልሰጠ በሩ ምንም አይልም፤ አይከፈትም፣ በቃ። ከተማዋ ስትቆረቆር ሌባ እንዳይገባ ተብሎ የተጀመረ ነገር ነው ይባላል። አሁን ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሥራ ያረፈደ ሰው "በሩ ዘንግቶኝ" ይላል፤ አለቃውም ራሱን ነቅንቆ ያልፈዋል።

ኢዮሲያስ እጁን አንስቶባት አያውቅም። ድምፁንም ከፍ አያደርግም ነበር። ጠዋት ቃሉን ሳይሰጥ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ያ ብቻ ነው። ማታ ሲመለስ፣ "ውይ፣ ረስቼው እኮ ነው! ለምን አልደወልሽም?" ይላታል። ስትደውል ስብሰባ ላይ ነው። ከዘመዶቿ ሠርግ ቀርታለች፤ ከወንድሟ ቀብር ቀርታለች። ለሰው ስታወራው ሰው አይገባውም፤ "ረስቶ ነዋ" ይሏታል። ፍርድ ቤት ተመላልሳ፣ ተመላልሳ፣ በመጨረሻ ዳኞቹ ፊት "ራሷን ትቻል" የሚለውን ቃል ከአፉ አስወጣችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀሴት ለራሷ ዋስ ናት። ልጃቸው ስንዱም በእናቷ ስም ሆነች።

የምትሠራው ከከተማው በላይ፣ ተራራው ውስጥ ተፈልፍሎ በተሠራ ክፍል ነው። መሥሪያ ቤቱ ረጅም ስም አለው፤ ሠራተኞቹ ግን ጎተራ ይሉታል። ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ዋሱ ማን እንደሆነ ለበሮቹ የሚነግረው ዋናው መዝገብ ያለው ታች ከተማው ውስጥ ነው። ጎተራ የሚቀመጠው ቅጂው ነው። ቅጂው ያለባቸው ሦስት ዲስኮች፣ እያንዳንዳቸው የልብስ ሻንጣ የሚያህሉ፣ ከግድግዳው ጋር በብረት ታስረው፣ ኃይል ተነፍጓቸው ይውላሉ። ጠፍቶ የተቀመጠን ዲስክ ማንም ከሩቅ ሊነካው አይችልም። የጎተራ ጥበብ ይኸው ነው።

ዲስኮቹን የሚያበራቸውም የሚያጠፋቸውም ድምፅ አይደለም። ድምፅ ይቀዳል፤ ዓይንም ይቀዳል። ስለዚህ እዚህ ብቻ፣ ፊደላቱ በጣት ብዛት የደበዘዙ አሮጌ ኪቦርድ አለ። ሀሴት በጥቁሩ ስክሪን ላይ "አብራ ዕለታዊ" ብላ ትጽፋለች። ከግድግዳው ውስጥ ቀስ እያለ የሚነሳ ጉርምርምታ ይሰማል። ዲስኩ የዕለቱን ለውጥ ይቀዳል፤ የተወለደውን፣ ቤት የለወጠውን፣ የተፋታውን፣ የሞተውን። ሲጨርስ "አጥፋ ዕለታዊ" ትለዋለች፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ወር ሲሞላ ወርኃዊውን ታበራለች። ሦስተኛውን ሽማግሌው ይሉታል። እሱ የሚበራው ለሕዝብ ቆጠራ ብቻ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሲበራ ሀሴት ገና ጎተራ አልተቀጠረችም ነበር፤ ያኔም የኢዮሲያስ ሚስት ነበረች።

አንድ ሰው ብቻውን ዲስክ አያበራም። አጠገቡ ምስክር መኖር አለበት። የሀሴት ምስክር ጋሽ ክሩቤል ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጡረታቸው ደርሶ አልወጣም ያሉ ሰው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቤዛዊት ካረፉ ወዲህ ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ፤ ግማሹን ለሀሴት ይሰጣሉ፤ ስክሪኑን ያያሉ። ሥራቸው ማየት ነው።

ነገሩ በሆነበት ቀን ረፋዱ ላይ ዕለታዊው በርቶ እየቀዳ ነበር። በስክሪኑ ላይ ስሞች ይወርዳሉ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ አድራሻው፣ ዋሱ። ሀሴት በአንድ ጆሮዋ ጋሽ ክሩቤል ስለ ጉልበታቸው የሚያወሩትን እየሰማች ታያለች። ድንገት ስሞቹ አጠገባቸው ምንም ሳይኖር መውረድ ጀመሩ። ስም ብቻ። ቀጥሎ ስሞቹም ጠፉ። ባዶ መስመር በባዶ መስመር ላይ ይወርዳል።

"ጋሼ፣ ይሄን ያዩታል?"

ጋሽ ክሩቤል ብርቱካኑን ከእጃቸው ጣሉት። "አጥፊው! አጥፊው ልጄ!"

ጻፈች። ጣቷ ስቶ "አጥፈ" ብላ ነበር፤ ስክሪኑ "የማይታወቅ ትእዛዝ" አላት። እንደገና ጻፈች። ዲስኩ ዝም አለ። ግን ረፍዷል፤ ዕለታዊው ባዶውን እንደ ለውጥ ቆጥሮ፣ የነበረውን ሁሉ በባዶ ሸፍኖ ጨርሷል።

ስሕተት ይሁን የሰው ተንኮል እስከ ዛሬ የተነገረ ነገር የለም። ሁለቱ የሚያውቁት ከኋላቸው የሰሙትን ነው። ቀን ቀን ተከፍቶ የሚውለው የጎተራ በር፣ ማንም ሳይነካው፣ ተንሸራቶ ተዘጋ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሽቦ ስልክ ጮኸ። ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠ ነው፤ ሀሴት ሲጮኽ ሰምታው አታውቅም። የደወሉት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ኖላዊት ነበሩ።

"ሀሴት፣ አሁን አትጠይቂኝ፣ ስሚኝ። ዋናው መዝገብ ባዶ ሆኗል። በሮቹ ሰው አላውቅም ብለዋል። ሁሉም በር ተዘግቷል።"

"የቱ ሁሉም?"

"የከተማው በር ሁሉ። ታክሲዎች ሰው እንደጫኑ መንገድ ላይ ቆመዋል። ሊፍቶች ተንጠልጥለዋል። ውኃ ቆሟል። ትምህርት ቤቶች ልጆቹን እንደያዙ ተዘግተዋል።"

"ስንዱ ትምህርት ቤት ናት" አለች ሀሴት፤ ለማንም ሳይሆን።

"የእኔም ልጆች እዚያው ናቸው። የተበላሸውን ነገር አቁመነዋል፤ መስመሩ አሁን ንጹሕ ነው። ወርኃዊውን አብሪና ከእሱ እንሙላ።"

ሀሴት "አብራ ወርኃዊ" ብላ ጻፈች። አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ ኃይል ደርሶታል። ጉርምርምታው ግን አልመጣም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ፣ በር የሚያንኳኳ ሰው ይመስል። አጠፋችው። ትንሽ ጠበቀች። አበራችው። ጠቅ፣ ጠቅ። ጋሽ ክሩቤል ሄደው ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጠፉ።

"ሊዞር ይሞክራል፤ የያዘው ነገር አለ" አሉ። "አንዴ ሞክሪው።"

እንደገና አጥፍታ አበራች። በዚህኛው ዞረ። ሀሴት ፊቷ ሊፈታ ሲል፣ ቢላ በድንጋይ ላይ እንደሚሳል ያለ የመፋጨት ድምፅ ተሰማና ሁለቱም ወደ ኋላ አሉ። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ከዚያ በኋላ ቢጻፍለትም ቢጻፍለትም አልነቃም።

ስልኩን አነሳች። "ወርኃዊው ሞቷል።"

ከወዲያ በኩል የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል። ወይዘሮ ኖላዊት፣ "ሽማግሌውን አብሪ" አሉ።

"እሱ እኮ የድሮ ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለዱትን አያውቃቸውም።"

"ሕፃናቱ በእናቶቻቸው እቅፍ ይወጣሉ። አሁን እናቶቹም አልወጡም።"

"ቤት የለወጠው ሰውስ? የተፋታው? የሞተው?"

"ሁሉንም ቀስ ብለን እናስተካክላለን።"

ሀሴት የስልኩን ሽቦ በጣቷ ጠመዘዘችው። "እኔስ?" አለች።

"አንቺ ምን?"

"ያኔ የዚህ ቤት ሠራተኛ አልነበርኩም። ይሄ በር አያውቀኝም። ዋሴም…" ስሙን ልትጠራ ፈልጋ አፏ እምቢ አላት። "ያኔ ራሴን አልቻልኩም ነበር።"

ወይዘሮ ኖላዊት ክፉ ሰው አልነበሩም። ቃል ሲፈልጉ በስልኩ ተሰማ። በመጨረሻ ያሉት፣ "ሀሴት፣ ከእኔ ፎቅ በታች ሊፍት ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት አለች። ከዚህ ድምጿ ይሰማኛል" ነው።

ስልኩን ሰቀለችው። ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠች፤ እጆቿን ግን ጭኗ ላይ አደረገች።

"እኔ አላዝሽም፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ክሩቤል። "ምስክር ነኝ።"

"ለእርስዎስ ምን ያመጣል?"

"ለኔማ በሩ ይከፈታል። ያኔም እዚሁ ነበርኩ።" መሬት የወደቀውን ብርቱካን አነሱ። "ቤዛዊት ትመለሳለች። ለቤቱ ማለቴ ነው። ለኔ አይደለም።"

ሀሴት ስንዱን አሰበች። ልጅቷ ስትፈራ አታለቅስም፤ የጠረጴዛ እግር ትይዛለች። አሁን የትኛውን ጠረጴዛ ይዛ ይሆን ብላ አሰበች፤ ከዚያ ወዲያ ለማሰብ ለራሷ ጊዜ አልሰጠችም። "አብራ ሽማግሌ" ብላ ጻፈች።

ሽማግሌው ምንም አላስቸገረም። ያን ሁሉ ጊዜ ተኝቶ እንዳልቆየ፣ ረጅምና ወፍራም ጉርምርምታ አሰምቶ ተነሳ። በስክሪኑ ላይ ስሞች ወረዱ፤ አድራሻ ያላቸው፣ ዋስ ያላቸው። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ ኖላዊት አልተናገሩም፤ ስልኩን ወደ መስኮት አድርገውት ይሆናል። እልልታ ተሰማ፣ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፣ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ተሰማ።

የጎተራ በርም ተከፈተ። "ጋሽ ክሩቤል፣ እንደምን ዋሉ" አለ፤ የድሮ ሰላምታው ነበር። ሀሴት ከእሳቸው ጋር ጎን ለጎን ተራመደች። እሳቸው አለፉ። በእሷና በደፉ መካከል ብረቱ ተመልሶ ተዘጋ።

"እዚህ ያልተመዘገበ ሰው ውስጥ አለ" አለ በሩ። "ዋስ ይጠራ።"

በበሩ መሀል መዳፍ የምታህል ወፍራም መስታወት አለች። በመስታወቷ በኩል ጋሽ ክሩቤል ሲዞሩ አየች።

"እኔ ዋስ እሆናታለሁ" አሉ ለበሩ። "ክሩቤል ነኝ። ታውቀኛለህ።"

"የዚህች ሴት ዋስ አቶ ኢዮሲያስ ናቸው። እርስዎ ባለትዳር ነዎት፤ ተጨማሪ ዋስ መሆን ከፈለጉ የባለቤትዎ የወይዘሮ ቤዛዊት ድምፅ ያስፈልጋል።"

"ሞታለች።"

"ወይዘሮ ቤዛዊት ቤት ናቸው። ልጥራቸው?"

ጋሽ ክሩቤል መዳፋቸውን በሩ ላይ አደረጉ። በሩም ጥያቄውን በዚያው ትሑት ድምፅ ደገመው። "ተዋት" አሉ። "አትጥራት። ተዋት።" ከዚያ በኋላ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ሀሴት ግን አልሰማችም።

በሩን መቁረጥም አልተቻለም። ወይዘሮ ኖላዊት በስልክ አስረዷት፤ ከተማው አሁን የሚኖረው ሽማግሌው ላይ ነው፤ አዳዲስ ዲስኮች እስኪሞሉ ድረስ በአጠገቡ መሰርሰሪያ ማንሳት አይታሰብም። መዝገቡን እንዲሁ ማረምም አይቻልም፤ ዋስትና የሚነሳው በዋሱ ድምፅ ነው፤ ሕጉ እንዲህ ነው። "ኢዮሲያስ ጋ ሰው ልኬያለሁ" አሉ። "ይመጣል።"

ኢዮሲያስ ከሰዓት በኋላ መጣ። ትምህርት ቤቱ ስንዱን ያስረከበው ለእሱ ነበርና በእጁ ይዟት መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፊቱ የተላጨ፣ ለሰው የሚያዝን ሰው መልክ ያለው ነው። ከበሩ ጎን ባለው ድምፅ ማጉያ፣ "ደህና ነሽ? አልተጎዳሽም?" አላት።

"ደህና ነኝ። ስንዱ በልታለች?"

"በልቻለሁ፣ እማዬ" አለች ስንዱ፤ ቁመቷ መስታወቱ ጋ አልደረሰም።

"ቃሌን ልስጥና ውጪ" አለ ኢዮሲያስ። "ቤት ሄደን እንረፍ። ሁላችንም ደንግጠናል።"

"ቃልህን ስጥ አላልኩህም። 'ራሷን ትቻል' በል።"

"እሱን ረጋ ብለን እናየዋለን።"

"አሁን እየው።"

"ሀሴት፣ ከተማው እንዲህ ሆኖ፣ ይሄ ጊዜ ይሄን የምናወራበት ነው?"

"አንድ ጊዜ ብለኸዋል። ዳኞች ፊት። አዲስ ነገር አይደለም የጠየቅኩህ።"

ወደ መሬት ተመለከተ። ቀና ሲል ድምፁ እንደወትሮው ለስላሳ ነበር። "እኔ እኮ ምንም አላደረግሁም። መዝገቡን ወደ ኋላ የመለስኩት እኔ አይደለሁም። ያበራሽው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ" አለች ሀሴት።

ስንዱ፣ "እማዬ፣ መቼ ነው የምትወጪው?" ብላ ጠየቀች። ሀሴት፣ "አባትሽ ሲናገር" አለቻት። ኢዮሲያስ የልጅቷን እጅ ያዘ። "ሐሳብሽን ስትለውጪ ደውዪልኝ፤ አሁን ስልኬ ክፍት ነው" ብሏት ሄደ። ሀሴት ከመስታወቱ ሳትርቅ ቆየች። "እሺ" ብትለው ኖሮ በሩ ያን ጊዜ ይከፈት ነበር። ታውቃለች። ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ምን እንደሚረሳም ታውቃለች።

ጎተራ ቤቷ ሆነ። ጋሽ ክሩቤል በየዕለቱ እየገቡ ዳቦ፣ ወጥ፣ የሚለወጥ ልብስ ያመጡላታል፤ ሲወጡ በሩ እየተሰናበተ ይሸኛቸዋል። የምትተኛው ወለሉ ላይ፣ ሽማግሌው ሥር ነው፤ እዚያ ይሞቃል። የምትታጠበው በባልዲ ነው። ፀሐይ የምታየው በመስታወቷ በኩል፣ የጋሽ ክሩቤል ትከሻ ላይ ስታርፍ ብቻ ነው። ቀን ቀን ሥራ አለ። ከከተማው አዲስ ዲስክ ይላካል፤ ጋሽ ክሩቤል በጋሪ አስገብተው ያስሩታል፤ እሷ "አብራ" ትላለች፣ ይሞላል፣ "አጥፋ" ትላለች።

የከተማውን ወሬ የምትሰማው ከእሳቸው ነው። ቤት የለወጡ ሰዎች አዲሱ በራቸው አላውቃችሁም ብሏቸው፣ የድሮው ደግሞ ሌላ ሰው በሚኖርበት ቤት ይከፈትላቸዋል። የማይተዋወቁ ቤተሰቦች በአንድ ሳሎን ራት ይበላሉ። የተፋቱ ሰዎች ተመልሰው አብረው ያድራሉ፤ ማደሪያ የላቸውማ። ያቺ ሊፍት ውስጥ የነበረችው ሴት ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ልጁ ለየትኛውም በር ገና የለም፤ በእቅፍ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሰዉ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ቀለደ፤ ቀጥሎ ለመደ። ሳምንቱ ሲያልቅ ወሬው ሁሉ ስለ ሌላ ነገር ሆኗል።

"የእርስዎስ ቤት?" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ማለዳ ማለዳ የቤዛዊትን የገላ ውኃ ያሞቃል" አሉ። "አጥፋው ብዬ ባዝዘው ያጠፋው ነበር። እስካሁን አላልኩትም።"

አንድ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ዲስክ ሊያመጡ ወጥተው ሳለ፣ ሀሴት ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠችና "አጥፋ ሽማግሌ" ብላ ጻፈች። ማስገቢያውን ቁልፍ ግን አልተጫነችም። ቃሉ ስክሪኑ ላይ ቆሞ አየችው። አንዴ ብትጫነው የኢዮሲያስ በር ይዘጋል። የወይዘሮ ኖላዊት ቢሮ ይዘጋል። በውስጥ መሆን ምን እንደሆነ ለሁሉም ባንድ ጊዜ ይገባቸዋል። የምትፈራው መጫኑን አልነበረም፤ መጫኑን ምን ያህል እንደወደደችው ነበር። ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ ኖላዊት፣ ስክሪኑን ከታች የሚያዩት ይመስላል፣ እንደ ልመና ባለ ድምፅ፣ "ሀሴት፣ እባክሽ እጅሽን ከዚያ ላይ አንሺ" አሏት።

"የእኔን ነገር ከምን አደረሳችሁት?"

"ማመልከቻው ገብቷል። ዋሱ ካልተናገረ ግን…"

ሀሴት ስልኩን ሳትሰቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሕፃናቱ እናቶች ትዝ አሏት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ወይዘሮ ኖላዊትም ከወዲያ በኩል ስልኩን ሳይዘጉ ቆዩ።

ኢዮሲያስ ሳይታሰብ ነው የመጣው፤ ብቻውን። ጋሽ ክሩቤል ውስጥ ነበሩ፣ ከሀሴት ጋር ምሳ እየበሉ። በመስታወቷ በኩል ስታየው መጀመሪያ አላወቀችውም። ሸሚዙ አልተተኮሰም። ጺሙ አድጓል።

"ስንዱ አትወጣም" አለ።

"ምን ማለት ነው አትወጣም? ዘጋህባት?"

"አልዘጋሁባትም! ቃሌን ሰጥቼ ነው የምሄደው። በየጠዋቱ። በሩ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል። ስመለስ ደፉ ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ፣ በውስጥ በኩል። ትምህርት ቤት ሂጂ እላታለሁ። ጓደኞችሽ ጋ ሂጂ እላታለሁ። 'እማዬ ስትወጣ እወጣለሁ' ነው መልሷ። አትቆጣም፣ አታለቅስም። ትቀመጣለች።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "በር ተከፍቶላት!"

ሀሴት ወደ መስታወቷ ይበልጥ ተጠጋች።

"ትናንት እኔም ሥራ አልሄድኩም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስትደክም ትወጣለች ብዬ። ሰዎች በበሩ በኩል ያልፋሉ፣ ያዩናል፤ ሰላም ይሉናል። ፀሐይዋ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እስክትሄድ…" እጁን መስታወቱ ላይ አደረገ። "ቀኑ እንዴት ይረዝማል፣ ሀሴት።"

ጋሽ ክሩቤል ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀርተዋል። ሀሴት ለዓመታት ይህን ሰው ምን ልበለው እያለች ስታስብ ኖራ፣ አሁን ከዚያ ሁሉ የወጣላት አጭር ነበር። "አዎ" አለች። "ይረዝማል።"

ኢዮሲያስ ወደ በሩ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ስሙን ተናገረ። "ሀሴት ራሷን ትቻል" አለ። ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ፤ በሩ እንዲደግም ጠየቀው፤ ደገመ።

በሩ ተንሸራተተ። ቀዝቃዛ የተራራ አየር ገባ፤ የባሕር ዛፍ ሽታ ነበረው። ኢዮሲያስ ወደ ጎን ቆመ። ሀሴት እስከ ደፉ ድረስ መጣች፤ እጇንም አውጥታ ነፋሱን ዳሰሰችው። ከዚያ ዞረችና ተመልሳ ገባች።

"ሀሴት!" አሉ ጋሽ ክሩቤል። "ተከፍቷል እኮ!"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ። ይምጡ፤ ምስክር ያስፈልገኛል።"

ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠችና "አብራ ዕለታዊ" ብላ ጻፈች። አዲሱ ዲስክ ተነሳ። ጋሽ ክሩቤል ያኔ ገባቸውና እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ኢዮሲያስ የተናገረው ቃል አሁን ያለው ታች፣ ዋናው መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ነገ ዳግም ባዶ ቢሆን፣ እሷ ተመልሳ የሰው ናት።

ስሞች ይወርዱ ጀመር። ብዙ ነበሩ፤ ከተማው ከጠዋት ጀምሮ ስሕተቱን ሲያርም ነው የዋለው። ኢዮሲያስ ደፉ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ያያል። ቃሉን መልሶ ሊያጥፈው ይችል ነበር፤ ዲስኩ እስኪጨርስ ድረስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ሀሴት ጀርባዋን ሰጥታው ይህን ታውቃለች። ተነስታ ብትሮጥም ማንም አይይዛትም። አልተነሳችም።

"ብዙ ይቆያል?" አለ።

"እስኪያልቅ ነው።"

ቆይቶ፣ "የስንዱን ነገር ዳኛ ፊት እንነጋገራለን" አለ።

"እንነጋገራለን" አለች፤ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

ስሟ አለፈ። በጣም ፈጥኖ ነው ያለፈው፤ ከጎኑ፣ ዋስ በሚለው ስፍራ፣ የራሷ ስም ተደግሞ ነበር። "አየሁት" አሉ ጋሽ ክሩቤል ቀስ ብለው። "እኔም አየሁት።" እሷ ግን የቀረው ሰው ሁሉ እስኪያልፍ ጠበቀች። የመጨረሻው መስመር ሲወርድ "አጥፋ ዕለታዊ" ብላ ጻፈች፤ ጣቷ አልሳተም። ጉርምርምታው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

ወጣች። ከኋላዋ ሁለቱ ወንዶች ተከተሏት።

የኢዮሲያስ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስንዱ በውስጥ በኩል ደፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ባዶ እግሯን ናት፤ ጉልበቶቿን አቅፋለች። ሀሴት የዚያ ቤት ሰው አይደለችምና ከተጠጋች በሩ ይዘጋባታል፤ እሷም ልግባ አላለችም። ውጪ ቆመች። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት፤ ከእግር እስከ ራስ፣ በእርግጥ የወጣች መሆኗን እንደሚያረጋግጥ ሰው።

"ጫማሽን አድርጊና ነይ" አለቻት ሀሴት።